«ነቅለው ይሰኩት» ያልኩት እኔው ነኝ

ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት አለ። ከፊት አከራያችን እትዬ፣ ከኋላ እኔና ባለቤቴ፣ ከጎን ሁለት ወንደላጤዎች። የፋይበሩ መስመር ግን አንድ ነው፣ 10 ሜጋ ቢት፤ ሂሳቡን ለሦስት እንካፈላለን። የፋይበሩ ሳጥን እትዬ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። አጠገቡ ከመርካቶ ያገለገለ የገዛሁት ራውተር፣ ቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ7 ሁለተኛው ስሪት፣ አለ፤ መስመሩን ለሦስቱም ቤት የሚያካፍለው እሱ ነው። ከእሱ የሚነሳው ኬብል በመስኮት ወጥቶ፣ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር ታስሮ ወደ እኛ ቤት ይመጣል።

ራውተሩ ላይ የፋብሪካውን ሶፍትዌር አንስቼ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለውን ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ካስገባሁበት ቆየሁ። ስሪቱ 19.07.3 ነበር። ያኔ ትእዛዞቹን ከአንድ መመሪያ ላይ እየገለበጥኩ፣ ምን እንደሚሠሩ ሳይገባኝ፣ «ሠራ!» ብዬ የተነሳሁበት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አፕዴት አላደረግኩትም። ላዘምነው መሆኔን ለወንደላጤዎቹ ስነግራቸው አንደኛው «ይሠራል እኮ፣ ምን አነካካህ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ይህን ቃሉን እየጠቀሰ ይስቅብኛል።

የነካካኝ ነገር ግን ነበር። ራውተሩ ውስጥ ዲኤንኤስማስክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ለስልኩም ለላፕቶፑም አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው፤ የድረ ገጽ ስም ሲጠየቅ ቁጥሩን ፈልጎ የሚመልሰውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ዲኤንኤስፑክ በሚል ስም ሰባት የደህንነት ቀዳዳዎች ተገኙበት። ከሰባቱ ሦስቱ ፕሮግራሙ የውሸት መልስ እንዲያምንና እንዲያስቀምጥ የሚያደርጉ ናቸው። የባንክህን ስም ስትጽፍ ሌላ ሰው ቤት ሊወስድህ ይችላል ማለት ነው። መድፈኛው በዚያው ወር ከ19.07.6 ጋር ወጥቷል። የእኔው ራውተር በ19.07.3 ላይ ተኝቶ የሦስት ቤት ሰው የባንክ ሥራ ያስተናግዳል። ይህን ካወቅኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ደስ አላለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ እያለሁ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ ራውተር የሚባል ነገር አልነበረም፤ መስመሩን የሚያካፍለው በሩ አጠገብ ያለው የሂሳብ ኮምፒውተር ራሱ ነበር። ዊንዶውስ ይህን ችሎታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ከዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ጋር ነው። የሚያካፍለው ማሽን ራሱን 192.168.0.1 ብሎ ይሰይማል፣ ሌሎቹ በእሱ በኩል ይወጣሉ። ያ ኮምፒውተር ከደረቀ ካፌው በሙሉ ደረቀ፤ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ ኔትወርክ!» ይላል። ዛሬ ሥራው ወደ ትንሽ ሳጥን ገባ እንጂ ዘዴው ያው ነው። ከግቢው ውጭ የምንታወቀው በአንድ አድራሻ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ማን ምን እንደላከ መዝግቦ ይይዝና መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ውስጥ የምንጠቀምባቸው በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚሁ ተብለው የተተዉ ስለሆኑ የእኛም የጎረቤትም ግቢ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጠቀም ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ሁለቱ በአንድ በር ላይ ሲገናኙ ነው። እሱ ደግሞ ደረሰብኝ፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ እሁድ ከሰዓት ነበር። ከ19.07 ስሪት ቀጥታ ወደ 23.05 ስሪት ዘለልኩ። የወረደው ፋይል ሳይጎድል መድረሱን ሻ 256 በሚባለው ማመሳከሪያ ቁጥሩ አመሳከርኩ፣ «ቅንብሮቹን አቆይ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ ተውኩት፣ ተጫንኩት። ራውተሩ ተነሳ፤ ዋይፋይ ግን የለም።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። በመሀል ያመለጡኝ ስሪቶች ቁጥር ብቻ አልነበሩም። በ21.02 ላይ የኔትወርክ ቅንብሩ አጻጻፍ ተለውጧል። በ22.03 ላይ ፋየርዎሉ፣ ማለትም የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው አጥር፣ አይፒቴብልስ ከሚባለው መሣሪያ ኤንኤፍቴብልስ ወደሚባለው ተዛውሯል። የእኔው አሮጌ ጭነት ደግሞ ኤአር71ኤክስኤክስ በሚባለው፣ ለራውተሩ ቺፕ በወጣው የድሮ መደብ የተሠራ ነበር፤ አዲሱ ኤቲኤች79 ነው። በዚህ ሽግግር የዋይፋይ ቺፑ በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጠራበት አድራሻ ተለውጧል። ያቆየሁት ቅንብር አሁንም በድሮው አድራሻ ይጣራል፣ የሚመልስለት የለም። አዲሱ ሶፍትዌር ቺፖቹን እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥሮ መዝግቧቸዋል፤ አዲስ የተመዘገበ ዋይፋይ ደግሞ ባለቤቱ እስኪያበራው ድረስ ዝግ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ አራት ራዲዮ አለኝ፤ ሁለቱ ሙት፣ ሁለቱ ዝግ።

መጠጋገን ይቻል ነበር። ግን ዋይፋዩ እንዲህ ከሆነ ሌላው ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ቅንብሩን ጨርሶ ጥዬ በባዶው እንደገና ልጭነው ወሰንኩ። እስካሁንም ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነበር እላለሁ። ላፕቶፔ እኔ ክፍል ነው፣ ራውተሩ እትዬ ሳሎን። መብራት ቢጠፋ ብዬ ለራውተሩ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ገዝቼ አስቀድሜ ገጥሜለታለሁ። በዚህ ኩራቴ ምልክቱን አንስቼ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ «እየጻፈ ነው፣ ኃይል አታቋርጥ» ይላል።

ከዚያ ጸጥ አለ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ።

እትዬ የራውተሩን ገመድ ይዘው ቆመዋል። ዱባይ ያለች ልጃቸው በኢሞ የምትደውልበት ሰዓት ነው፤ ኢንተርኔቱ ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል።

«እትዬ፣ ነቀሉት እንዴ?»

«ምነው ልጄ፣ ሲያስቸግርዎት ነቅለው ይሰኩት ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

እኔው ነኝ። ዩፒኤሱ መብራት እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ እትዬ የነቀሉት ከዩፒኤሱ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ነው። ያስተማርኩትን ትምህርት ይህን ያህል በጥንቃቄ የተከተለ ሰው አላየሁም። በስልኬ ዳታ ሆትስፖት ከፍቼላቸው ከልጃቸው ጋር አገናኘኋቸውና ራውተሩን ታቅፌ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ራውተሩ ያኔ የኃይሉ መብራት ብልጭ ድርግም ከማለት ሌላ ምንም አያደርግም። ግን አልሞተም። መጀመሪያ የሚነሳው ቡትሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም በማከማቻው ውስጥ የራሱ ክፍል አለው፤ አፕዴቱ እሱን አይነካውም። በዚህ ሞዴል ላይ ከኋላ ያለውን የሪሴት ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ ካበራኸው ቡትሎደሩ በኬብሉ ላይ 192.168.0.66 የሚባል ኮምፒውተር ፈልጎ ቲኤፍቲፒ በሚባል ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ አንድ ፋይል ይጠይቃል። ለላፕቶፑ በእጅ ያን አድራሻ መስጠት ነው፣ የቲኤፍቲፒ ሰርቨር መክፈት ነው፣ ለፋይሉ ቡትሎደሩ የሚጠብቀውን ስም ማውጣት ነው። ስሙ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ አይወስደውም።

አንደኛ ሙከራ፣ ምንም። የላፕቶፑ ፋየርዎል የቲኤፍቲፒ መግቢያ የሆነውን ወደብ 69ን ዘግቶታል። ከፈትኩት። ሁለተኛ፣ ምንም። ሦስተኛ፣ ምንም። ያኔ ዓይኔ ወደ ላፕቶፑ የኬብል መብራት ሄደ። ራውተሩ ሲጠፋ የላፕቶፑም ግንኙነት ይሞታል፤ ራውተሩ በርቶ ላፕቶፑ ኬብሉን እስኪያውቅና አድራሻውን እስኪይዝ ድረስ ቡትሎደሩ ጠይቆ፣ መልስ አጥቶ አልፏል። ከወንደላጤዎቹ አንድ ያረጀ ባለአምስት ቀዳዳ ስዊች ተውሼ በሁለቱ መሀል አስገባሁት። አሁን ላፕቶፑ ሁልጊዜ ከስዊቹ ጋር እንደተያያዘ ነው። ቁልፉን ይዤ አበራሁት፤ ደብልዩፒኤስ የሚባለው መብራት በራ፣ ሰርቨሩ ላይ «ፋይል ተጠየቀ» የሚል መስመር መጣ፣ መቶኛው መቁጠር ጀመረ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?» አለችኝ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል።

ቅንብሩን ከባዶ በእጅ መጻፍ የጀመርኩት በማግስቱ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የተማርኩትም እዚያ ነው።

መጀመሪያ የገጠመኝ የቁጥር ግጭት ነው። የፋይበሩ ሳጥን ራሱን 192.168.1.1 ይላል፤ ኦፕን ደብልዩአርቲም ከባዶ ሲነሳ 192.168.1.1 ነው። ራውተሩ በሁለቱም ጎኑ ያለው መንደር አንድ ሲሆንበት ወደ ውጭ የሚወስደውን መንገድ አያውቀውም። የእኛን ወደ 192.168.10.1 ቀየርኩትና ተለያዩ። የሚያስቀው ነገር፣ የድሮው ቅንብር ላይም ቀይሬው ኖሯል፤ መቀየሬን ራሴ ረስቼዋለሁ።

ቀጥሎ የእንግዳ ዋይፋይ። በድሮው ጭነት ላይ እንግዳው ወደ ቤት መስመር እንዳይገባ የሚከለክል አንድ የአይፒቴብልስ መስመር ከሆነ ቦታ ቀድቼ በፋየርዎሉ የተጠቃሚ ፋይል ውስጥ ጨምሬ ነበር። አዲሱ ፋየርዎል ያንን ፋይል በነባሪ አያነበውም፤ ቅንብሩን እንዳቆየሁ ብቀጥል ኖሮ ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ፣ አጥሩ ግን አይኖርም ነበር። አሁን በወጉ የእንግዳ ቀጠና ሠርቼ ወደ ውጭ ብቻ እንዲወጣ፣ ወደ ቤት መስመር እንዳይገባ አደረግኩት። አንድ ነገር አትርሱ፦ ቀጠናው ወደ ራውተሩ ራሱ እንዳይገባ ስትከለክሉት ወደብ 53ንና 67ን (የስም መፍቻውንና የአድራሻ ማደያውን መግቢያ) ለይታችሁ ካልፈቀዳችሁ እንግዳው አድራሻም አያገኝም፣ ስምም አይፈታለትም። የእኔ የመጀመሪያ እንግዳ ግማሽ ሰዓት «እየተገናኘ ነው» የሚለውን ሲያይ ቆይቷል።

ለግቢው ሰው ግን ልዩነቱ የታየው ኤስኪውኤም፣ የመስመሩን ሰልፍ የሚያስተናግደው ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ላይ ነው። ወንደላጤዎቹ ትልቅ ፋይል ሲያወርዱ የእትዬ ቪዲዮ ይደርቅ ነበር። ፍጥነቱ ስለጎደለ ብቻ አልነበረም፤ መልእክቶቹ የፋይበሩ ሳጥን ውስጥ በረጅም ሰልፍ ተደርድረው ስለሚጠብቁ ነው። ጂም ጌቲስ ለዚህ በሽታ ባፈርብሎት የሚል ስም አወጣለት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው ዴቭ ታት ደግሞ መድኃኒቱን እየሠራና እያስተዋወቀ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነው። ኤስኪውኤም ውስጥ ያለው መድኃኒት ኬክ ይባላል። ፍጥነቱን ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ ታደርጉለታላችሁ፣ እኔ 9 ሜጋ ላይ አሰርኩት፤ ያኔ ሰልፉ ከማናዝበት የፋይበር ሳጥን ወጥቶ ወደ እኛ ራውተር ይመጣል፣ ኬክም በፍትሐዊነት ያስተናግደዋል። ከዚህም በላይ፣ ኬክ ላይ «ኤንኤቲ» (nat) የሚለውን አማራጭ አብርታችሁ በየመሣሪያው እንዲያካፍል ካዘዛችሁት፣ አንድ ላፕቶፕ አምሳ ግንኙነት ከፍቶ ቢያወርድ እንኳ የሚደርሰው የአንድ ላፕቶፕ ድርሻ ነው። ማካፈል ማለት ለካ ይሄ ነው፤ እስካሁን ስናደርግ የኖርነው መሻማት ነበር። በማውረድ መሀል ከ380 ሚሊ ሰከንድ የሚያልፈው የፒንግ ጊዜያችን (መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት) አሁን ወደ 45 አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ማፈሪያዬ። ራውተሩ በየሳምንቱ ሰው በተኛበት፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ ክሮን በሚባለው የሰዓት ትእዛዝ አስፈጻሚ ላይ ጻፍኩ። የሰዓቱ ቦታ ላይ 9 አልኩ። ማክሰኞ ቀን ልክ 6 ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ ከአለቃዋ ጋር ስብሰባ ላይ እያለች፣ ኢንተርኔቱ ሄደ። ሁለት ስህተት ተደራርቧል። የእኛን ሌሊት 9 ሰዓት ፈረንጁ 3 ይለዋል፤ እኔ 9 ብዬ ጻፍኩ። ራውተሩ ደግሞ ከባዶ ስለተነሳ የጊዜ ቀጠናው የግሪኒች ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። የእሱ 9 ለእኛ እኩለ ቀን ሆነ። ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጌ ክሮንን ዳግም አስነሳሁት፤ ካልተነሳ የድሮውን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል። ሌላም አለ፦ ራውተሩ ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌለው ሲነሳ የመጨረሻውን የፋይል ለውጥ ጊዜ እንደ አሁን ይወስዳል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት 70 ሴኮንድ ጠብቆ አንድ ፋይል እንዲነካ ካልተደረገ፣ ተነስቶ ያው ደቂቃ ላይ ራሱን ሊያገኝና ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ዳግም ማስነሳቱ አስፈላጊ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አይደለም። አጠፋሁት።

ወደ 24.10 ስሪት የተሻገርኩት ከወራት በኋላ ነው። በዚህኛው ቅንብሩን አቆየሁ፤ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ግን በሁለተኛው ቀን እትዬ «ልጄ ደግሞ መቆራረጥ ጀመረች» አሉኝ። ኤስኪውኤም በኋላ የተጨመረ ፓኬጅ ስለሆነ አፕዴቱ ጠርጎታል። የቅንብር ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፤ የሚያነበው ፕሮግራም የለም። አሁን ምስሉን ከኦፕን ደብልዩአርቲ የፈርምዌር መምረጫ ላይ ሳዝዝ የምፈልጋቸውን ፓኬጆች ዝርዝር እዚያው ጨምሬ ነው የማሠራው።

የቀረኝ አይፒቪ6 የሚባለውን አዲሱን የአድራሻ ዓይነት መረዳትና የጓሮውን ኬብል ከልብስ ማስጫው ማላቀቅ ነው። ራውተሩ ላይ አሁን ወረቀት ተለጥፏል፣ በእትዬ እጅ ጽሕፈት፦ «ልጁ ሳይጠየቅ እንዳይነቀል»። ከሥሩ ስልክ ቁጥሬ አለ። ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ነቅለው ካውያ ሊሰኩ ፈልገው፣ እሱም ያስፈቅዳል ወይ ሊሉኝ።