«ሃያ ሰው ካመጣን አይቀነስልንም?»

ሲያትል አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ምዝገባ ክፍል ነው የምሠራው። አበሻ ሲመጣ «ያ ልጅ የት አለ?» ብሎ እኔን ነው የሚፈልገው። ብዙ ጊዜ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ግን ጣጣ አለው።

አንድ ቀን የእድራችን ሰብሳቢ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸው ይቅር። ኤርፖርት ታክሲና ኡበር የሚነዱ ልጆች መሪው ሰልችቷቸው ኤችቫክ፣ ማለትም የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና መማር ፈልገዋል። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። «ሃያ ሰው ነው የማመጣልህ ልጄ። የአንድ ሰው ዋጋና የሃያ ሰው ዋጋ እንዴት እኩል ይሆናል? አለቃህን አናግርልን።»

የፕሮግራሙን ኃላፊ አገናኘኋቸው። ፈረንጁ የማታ ክፍሉ አልሞላ ብሎት ጭንቅ ላይ ነበር። ሃያ ሰው ሲባል ፊቱ በራ። እዚያው ቆሞ «20 በመቶ እቀንሳለሁ» አለ። ጋሼ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት፣ መረቁት። ወሬው ማታውኑ በዋትስአፕ ዞረ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት 20 በመቶው «ግማሽ ዋጋ» ሆኖ ጠበቀኝ።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ስትሰማ የስቴቱን የትምህርት ክፍያ ሕግ አትማ፣ በቢጫ ቀለም አስምራ፣ ኃላፊውና እኔ ፊት ዘረጋችው። አልተቆጣችም። «ይሄ ዋጋ ያንተ አይደለም» ብቻ አለችው።

እሱም ዝም አላለም። ባዶ ወንበር ምንም አያስገባም፣ 80 በመቶ የሚከፍል ሰው ቢቀመጥበት ማን ይጎዳል አለ። ለግል ትምህርት ቤት ቢሆን ልክ ነበር። የመንግሥት ኮሌጅ ግን እንደ ታክሲ ታሪፍ ነው፣ ረዳቱ ደስ ስላለው አይቀንስም። በዋሽንግተን ስቴት የክፍያው ልክ የሚመጣው ከሕግ አውጪውና ከኮሌጆቹ የስቴት ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሕግ አውጪው የኮሚዩኒቲና የቴክኒክ ኮሌጆችን ክፍያ 5 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ለሁሉም ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ጭማሪውም ልጓም አለው፣ ከስቴቱ የደመወዝ ዕድገት ጋር ታስሯል። ኮሌጅ በራሱ ክፍያ መተው፣ ማለትም ሙሉውን ወይም ከፊሉን አለማስከፈል የሚችለው ሕጉ በስም ለዘረዘራቸው ብቻ ነው፣ ለዚያም ጣሪያ ተደርጎለታል። ከዝርዝሩ ውጪ «ለናንተ ብዬ» ማለት የሕዝብ ገንዘብ በስጦታ እንደመስጠት ይቆጠራል፣ ያንን ደግሞ የስቴቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ይከለክላል።

እኔን ሕጉ አሳምኖኛል። ለእድር ከተቀነሰ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቤተ ክርስቲያን ከተቀነሰ ለኃላፊው የአክስት ልጅ ነው የሚቀጥለው፣ ብቻውን መጥቶ ሙሉውን የከፈለው ሰው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ይማራል። ዝርዝሩ ግን አንዳንዴ ይገርመኛል። ቦታ ከተረፈ ለስቴቱ ሠራተኛ ክፍያውን መተው ይቻላል፣ ሌሊቱን ሲነዳ ላደረ ሹፌር አይቻልም። እሺ።

ኃላፊው ቀጥሎ ኮርሱን ኮሌጁ ራሱ ዋጋ ወደሚያወጣበት፣ የስቴት ድጎማ ወደሌለው የአጭር ሥልጠና ዓይነት እናዛውረው አለ። እሱ ላይ ዋጋ መቁረጥ ይቻላል። ግን ኮርሱ ወጪውን ራሱ መሸፈን አለበት፣ ያ ዓይነቱ ሥልጠና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት እርዳታ አይወስድም። ለስሙ ርካሽ፣ ለኪስ ውድ።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። የጋሼን ወረቀት ይዤ ፋይናንሻል ኤይድ፣ ማለትም የትምህርት እርዳታ ክፍል ገባሁ፣ ከልጆቹም ጋር አንድ በአንድ በስልክ ተነጋገርን። ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት የሚባለው የስቴቱ እርዳታ የሚታየው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው በመንግሥት ኮሌጅ ሙሉ ክፍያው ሊሸፈንለት ይችላል። ሦስት ልጅ ያለው፣ ሚስቱ ሥራ ያልጀመረች ሹፌር 20 በመቶ ቅናሽ ሲለምን የነበረው፣ የእርዳታውን ማመልከቻ ቅጽ ቢሞላ ምንም የማይከፍልበትን ትምህርት ነበር። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ እርዳታ የሚቀበል ቤተሰብ ሌላ በር አለው። ከሥራ የተቀነሰ ሌላ። እንግሊዝኛው ለሚከብደው አይቤስት የሚሉት አለ፤ የሙያውና የቋንቋው አስተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ያስተምራሉ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ ከሆነ ደግሞ በኳርተር፣ ማለትም በሦስት ወር ገደማው የትምህርት ወቅት 25 ዶላር ነው። ከቨርጂኒያ በቅርብ የመጡትን ዓመት እስኪሞላቸው የስቴቱ ነዋሪ ስለማይባሉ ለብቻ አየናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ «ቅናሹ ቀርቷል» ስል ጉርምርምታው ተነሣ። አንዱ «አበሻ ስለሆንን ነው» አለ። ቅጹን ሳስረዳ «ገቢያችንን ለመንግሥት ልንናገር ነው?» የሚል ተነሣ። ታክስ ስታሠሩ ነግራችሁት የለ እንዴ አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ላፕቶፕ ያላቸው ጠረጴዛ ያዙ፣ እዚያው መሙላት ተጀመረ። ሙሉ ክፍያ የተሸፈነላቸው አሉ፣ ግማሹ የተሸፈነላቸው አሉ፣ ገቢው ከፍ ብሎ ምንም ያላገኘና ሙሉውን እየተነጫነጨ የከፈለም አለ። ክፍሉ ሞላ። ኃላፊው አሁን ቡድን ሲመጣበት ቀጥታ ወደ እኔ ይልካል።

ጋሼ ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝ። «እንግዲህ ሕጉ ለማንም አይቀንስም ማለት ነው?»

«ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆነ የስቴቱ ነዋሪ፣ ቦታ ከተረፈ ክፍያውን መተው ይፈቅዳል ጋሼ። እርስዎ ይገባሉ።»

ትንሽ አሰቡ። «ኮምፒውተር የሚያስተምረው በስንት ሰዓት ነው?»