ዛሬ አሮጌው መንገድ ሰው አየ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የእኛ ሰፈር መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው ተከፍቶ ዋለ። በዓሉን ያዘጋጀው የሰፈሩ ሰው ነው፣ አዋጥቶ። ሁሉም ከቤቱ ያለውን ይዞ ወጣ።

የማልረሳው የእትዬን ሱቅ ነው። ስንት ዓመት የተዘጋ በር! ጓጉንቸሩ ስለዛገ ልጆቹ ዘይት አጠጥተው፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ መትተው ከፈቱት። የሟች ባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና አሁንም መስኮቱ ሥር አለ። እትዬ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ደጃፉ ላይ ጀበና ጣዱ። እስኪመሽ ሲኒ አላረፈም። «ልጄ፣ ይኼን በር ዳግመኛ አልዘጋውም» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ከተማችን ድሮ መንቆረር ነበረች። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን የገዙት እዚህ ተቀምጠው ነው። እኛ ግን ዓይናችን አዲሱ አስፋልት ላይ ሆነና አሮጌው ሰፈር ተረሳ። ገበያ ሲጠፋ ሱቅ ይዘጋል፤ ሱቅ ሲዘጋ ጭራሽ የሚያልፍም ሰው የለም። ዛሬ ነገሩ ተገለበጠ። በባጃጅ ሽው ብሎ የሚያልፈው ሁሉ በእግሩ ሄደ። ቀና ብሎ የድሮዎቹን የእንጨት በረንዳዎች አየ። አንድ ወጣት ልብስ ሰፊማ የእትዬን መኪና ሲያይ ቆይቶ «ኪራዩ ስንት ነው?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ደግሞ ማሲንቆው! ቁምጣ የለበሱ አባት ዱላቸውን ለልጅ አስይዘው እስክስታ ወረዱ።

የውኃና የመጸዳጃ ነገር ግን አልታሰበበትም፤ በቀጣዩ መስተካከል አለበት። መዋጮው ከዛሬ ማታ ጀምሯል። አዲስ አበባ ያላችሁ የማርቆስ ልጆች፣ እየጠበቅናችሁ ነው።