ዳሌዬን ያፍታታው ለስላሳ እጅ

ተወልጄ ያደግሁት በድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ላለፉት 9 ዓመታት ግን በቶሮንቶ ከተማ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ እተዳደራለሁ። አቅም የከዳቸውን ሰዎች ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሳዛውር ክብደቱን ሁሉ በቀኝ እግሬ ላይ የመጣል ልማድ ስለነበረኝ፣ ውሎ አድሮ ከወገቤ ዝቅ ብሎ በቀኝ ዳሌዬ ላይ የሚወጋ ሕመም ጀመረኝ። መጀመሪያ ያየኝ ባለሙያ «ዳሌሽ ተዛንፏል» ብሎ ወገቤን በኃይል ጠምዝዞ አንቋቋው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

ቀጥሎ ያከመችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ከመንካቷ በፊት አስረዳችኝ። አከርካሪያችን የሚያርፍበት ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ከሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ እጅግ በጠነከሩ ጅማቶች የታሰረ ነው፤ እንቅስቃሴውም ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማያልፍ እንዲሁ በቀላሉ ከቦታው አይወጣም። ብዙ ጊዜ ዳሌ ያዘነበለ የሚመስለው በአንድ ወገን የተኮማተሩ የጭን፣ የመቀመጫና የወገብ ጡንቻዎች ስለሚጎትቱት ነው። ይህን መስማቴ ብቻ ከፍርሃቴ ግማሹን አነሳልኝ።

ሕክምናው ፍሬድ ሚቼል የተባለ አሜሪካዊ የኦስቲዮፓቲ (አጥንትና ጡንቻን በእጅ ጭምር የሚያክም የሕክምና ዘርፍ) ሐኪም ካዳበረው ዘዴ የተወሰደ ነበር። በጀርባዬ አስተኝታ ጉልበቴን አጥፋ ትይዝና «በጣም በቀስታ እጄን ግፊው» ትለኛለች፤ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ገፍቼ ትንፋሼን ሳወጣ ጡንቻው ይላላል፣ እርሷም እግሬን ሕመም ሳይሰማኝ ጥቂት ታሳስበዋለች። ይህንኑ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ትደጋግመዋለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ጉልበትን ወደ ደረት ለ30 ሰከንድ ማቀፍንና በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ከፍ ማድረግን በየዕለቱ እንድሠራ አዘዘችኝ። ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ በሦስተኛው ወር ግን ሌሊቱን በቀኝ ጎኔ መተኛት ቻልሁ።

ባለፈው ጥር ወደ ድሬ ስመለስ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ የኖረችው እናቴ ያንኑ ወገን ይዛ ስታነክስ አገኘኋት። አክስቴ «ሐረር ዘንድ የታወቀ ወጌሻ አለ፣ አንድ ጊዜ ቢስባት ይበቃታል» ብላ አጥብቃ ተከራከረችኝ። የወጌሻን ሙያ አከብራለሁ፤ ሆኖም በእናቴ ዕድሜ አጥንት ሊሳሳ ስለሚችል በኃይል መሳብ ስብራት ሊያስከትል ይችላልና አስቀድሞ ሐኪም እንዲያያት ለመንሁ። እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ ደግሞ ማሸትም ማሳሳብም ቀርቶ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ራጅ ተነሥታ ስብራት እንደሌለና እንቅስቃሴው እንደሚፈቀድላት ከተነገረን በኋላ፣ ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፌ አብረን እንሠራ ጀመር። «እጅሽ እንደ ጥጥ ነው፤ ይሄ ምን ሊያደርግልኝ ነው ልጄ?» ትለኝ ነበር። ሆኖም በሁለተኛው ሳምንት ከበርጩማዋ ስትነሣ ግድግዳ መደገፏን ተወች።

እኔ ከተመለስሁ በኋላም አላቋረጠችም። 30 ሰከንዱን በሰዓት መቁጠር ስለማይመቻት፣ ጉልበቷን አቅፋ አንድ ጊዜ «አቡነ ዘበሰማያት» ረጋ ብላ ትደግማለች፤ ሲያልቅ እግር ትለውጣለች። በስልክ ስታወራኝ አክስቴ ከጎኗ በሌላው ሰሌን ላይ ተኝታ አብራት ስትደግም እሰማለሁ።