የኮርስ አውትላይን ስጽፍ መጀመሪያ የማሰላው

ለሁለተኛው ሴሚስተር የአዲስ አበባን ታሪክ ለማታ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ክፍላችን አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ሰሞኑን አውትላይኑን እየጻፍኩ ነው።

ብዙ መምህር አውትላይን የሚጀምረው ከምዕራፍ ነው። ምዕራፍ አንድ መግቢያ፣ ምዕራፍ ሁለት እንዲህ፣ ምዕራፍ ሦስት እንዲያ። እኔ የምጀምረው ከሰዓት ነው። ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ ነው፤ ኢሲቲኤስ የክፍሉንም የቤቱንም የተማሪ ሥራ በሰዓት የሚቆጥር የክሬዲት መለኪያ ነው። አንዱ 27 ሰዓት ተብሎ ስለሚሰላ ጠቅላላው 135 ሰዓት ይመጣል። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ስንገናኝ 48 ሰዓት ነው። የቀረው 87 ሰዓት የተማሪው ነው። ከኮርሱ ግማሽ በላይ ማለት ነው! አውትላይን ላይ ግን «ሆም ስተዲ 87» ተብሎ በአንዲት ሣጥን ይታለፋል። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

የማታ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ ወይም ሱቅ ውስጥ ቆሞ የዋለ ሰው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ክፍል ይገባል። 2 ሰዓት ተኩል ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። እሱን «ከገጽ 1 እስከ 90 አንብበህ ና» ማለት አታንብብ ማለት ነው። 87ን ለ16 ብናካፍለው በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። እኔ ያንን አምስት ሰዓት ተኩል ነው የምጽፈው። ምን ያነባል፣ የት ይሄዳል፣ ምን ይጽፋል። ንባቡ አጭር ይሆናል፤ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይጫናል፤ ፎቶ ኮፒ ቤትም ይቀመጣል። ማንም የማያገኘውን መጽሐፍ ለይስሙላ አልደረድርም።

ሰባተኛውን ሳምንት በጣም እወደዋለሁ። ሥራው ስድስት ኪሎ ከሰማዕታት ሐውልት ተነስቶ በአምስት ኪሎ በኩል አራት ኪሎ የድል ሐውልት ድረስ በእግር መውረድ ነው። መንገዱ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንዱ ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 የተጀመረውን ጭፍጨፋ ያስታውሳል፤ ሌላው ሚያዝያ 27 ቀን 1933ን። ጭፍጨፋው የተነሳበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። አውትላይኑ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «በሰማዕታት ሐውልት ሥር የተቀረጹትን ምስሎች ዙሪያውን ዞራችሁ ተመልከቱ። አንዱን ብቻ መርጣችሁ፣ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ፣ እጁ ምን እንደያዘ በሁለት ገጽ ጻፉ።» ኢንተርኔት ላይ ይህን አያገኙትም። ቆሞ ማየት የግድ ነው። መጀመሪያ «እሁድ ጠዋት» ብዬ ነበር። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እሁድ የምንሠራስ?» አለችኝ። አሁን «በሳምንቱ በሚመቻችሁ ቀን» ይላል።

የፒያሳው ሳምንት ደግሞ እንዳለ ተቀይሯል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ስለፈረሰ ሄዶ ቤት ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ የኖረ ሰው ፈልገው ያነጋግራሉ። ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከዚያ መቅዳት። የሰውየውን ስም አለመጻፍ። «ሲፈርስ ምን ተሰማዎት?» ብሎ አለመጀመር፤ «ውሃ ከየት ነበር የምትቀዱት? ጎረቤትዎ ማን ነበር?» ብሎ መጀመር። የሰፈር ታሪክ ያለው እዚያ ነው፤ ሰዎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ሳይበተኑብን መያዝ አለበት። ለዚህ ሥራ ሁለት ሳምንት ሰጥቻለሁ።

ምዘናው ፋይናል 50፣ ሚድ 20፣ ቃለ መጠይቁ 20፣ የሐውልቱ ጽሑፍ 10 ነው። «ስንት ማርክ አለው?» የሚል ተማሪ የሚያናድዳቸው መምህራን አሉ። እኔ ተገቢ ጥያቄ ነው እላለሁ። ጊዜው ውድ የሆነ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ማርኩ በምን በምን እንደሚከፈል አስቀምጫለሁ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናም ስላለ፣ እዚያ የሚያገለግሉ ነጥቦችን በየሳምንቱ መጨረሻ በአንድ መስመር እጠቁማለሁ። ከዚያ በላይ ቦታ አልሰጠውም።

የቀረኝ ካላንደሩ ነው። ሚዱን ከፋሲካ ማግስት አላደርገውም። ረመዳንም በዚህ ሴሚስተር ይገባል። ማፍጠሪያው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ክፍላችን መሀል ላይ ይውላል። ስለዚህ የእነዚያ ሳምንታት እረፍት በማፍጠሪያው ሰዓት ላይ ይሆናል፤ 15 ደቂቃ። ማንም ተነስቶ ፈቃድ እንዳይጠይቅ አውትላይኑ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ።