ተኝቷል ብዬ ነበር

ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ከገባች ወዲያ በብርዱ ምክንያት ልጅ ደጅ አይጫወትም። የ6 ዓመቱ ልጄም ባናውን ተከናንቦ ጭኔ ላይ ጋደም ይላል፤ እኔ ደግሞ ተኝቷል ብዬ ጩቤና ተኩስ የበዛባቸውን ትርጉም ፊልሞች እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አያለሁ። ለካስ በባናው ሥር ዓይኑ አልተከደነም።

አንድ ቀን የ3 ዓመት እኅቱን አንቆ ግድግዳ ላይ አጣብቋት ደረስኩ። የፊልሙን ሰውዬ ዛቻ ሳይቀር ቃል በቃል ይደግማል።

ቻናሎቹን በሪሲቨሩ የምስጢር ቁጥር መቆለፍ 5 ደቂቃ ፈጀብኝ። ልጆቹ እስኪተኙ ቴሌቪዥኑን ማጥፋትም አልከበደኝም። የማይሽረው ስሕተቴ ያን ዕለት በቀበቶ መግረፌ ነው። «ሁለተኛ ሰው ትመታለህ?» እያልኩ መታሁት። ከዚያ በኋላ ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፤ እኔ ስገባ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል። ምን እንደሚያይ ሳላውቅ ወር ከመንፈቅ አለፈ።

ምክር ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ወንድ ልጅ ነው፤ ቆንጠጥ አድርጉት፣ ይተዋል» አለኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ባደረገው ጥናት፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ምቱንም ቃሉንም ደግመውታል። በ1963 ደግሞ ድብደባውን በፊልም ያዩትም እንዲሁ አድርገዋል። ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ለልጄ ግን ፊልሙንም በትሩንም ያሳየሁት እኔው ነኝ።

አፉን ያስፈታችው ከመንዝ የመጣችው አያቱ ናት። አጠገቡ ተኝታ «ምን አየህ የኔ ጌታ?» ብትለው፣ ባለ ጩቤው ሰውዬ በመስኮታችን እንደሚገባ ነገራት። በማግስቱ አስቀምጬ ደሙ ቀለም እንደሆነ፣ የሞተው ሰውዬ ተነሥቶ ታጥቦ ቤቱ እንደገባ አስረዳሁት። «ታዲያ ለምን ጮኸ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ቀድሞ ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል። እኔ ሰዓት ብቻ መቁጠር አያሳምነኝም፤ ልጄን ያስጨነቀው የ10 ደቂቃ ትዕይንት ነው። ምን እንደሚያይና ማን አጠገቡ ሆኖ እንደሚያስረዳው ቁጠሩ። ዜናም ይቆጠራል፤ እኔ ፊልሙን ቆልፌ የዜናውን ሬሳ ረስቼው ነበር።

እኅቱን መምታት ትቷል። መስኮቱ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ ሳያይ ግን አይተኛም። ሕልሙንም አሁንም ለአያቱ በስልክ ይነግራታል እንጂ ለእኔ አይነግረኝም።