ፔዳሉን ሳትለቁ ድምፅ አትቀይሩ

ይህን የምጽፈው ኪቦርድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ መድረክ ላይ ለምትጫወቱ ነው፤ ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዝግጅቱ ብዙም አያስቸግርም። ኪቦርዱን በዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ሎካል ኮንትሮሉን (ኪቦርዱ የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርገውን ቅንብር) አጠፋሁ፤ አለዚያ የኪቦርዱ የራሱ ድምፅ ከሶፍትዌሩ ጋር ተደርቦ ይወጣል። ፒያኖ፣ ስትሪንግና ፓድ (ከኋላ ተዘርግቶ የሚቆይ ለስላሳ ድምፅ) ደራረብኩ። ከፓዱ ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩ፤ ቤዝ ጊታሩን እንዳያፍነው ብዬ። በፈሩን፣ ማለትም ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን የሳምፕል (የድምፅ ቁራጭ) ብዛት፣ 128 ላይ አደረግኩት። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲሰላ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ጣቴ አይሰማውም። 32 አድርጉት የሚሉትን አትስሙ። መድረክ ላይ ድምፅ ከሚቆራረጥ ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። የሶፍትዌሬ መመሪያ ለእያንዳንዱ ዘፈን የራሱን ፓች (የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) አዘጋጁ ይላል። አዘጋጀሁ። ቤት በሄድፎን አንድ በአንድ ተለማመድኩ። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው መሻገሩን ግን አንድም ቀን አልተለማመድኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

መድረክ ላይ አንድ ቀስ ያለ ዘፈን በዲ ሜጀር ጨረስን። ፓዱ ጣት ከተነሳ በኋላም ድምፅ ይዞ በሚያቆየው ፔዳል ተይዞ ይንሳፈፋል። እግሬን ሳላነሳ ወደሚቀጥለው ፓች ቀየርኩ። ከዚያ እግሬን አነሳሁ። ፓዱ አልቆመም። ዘፋኟ በኢ ፍላት ገባች። የግማሽ ድምፅ ልዩነት ነው፤ ጆሮ ይበሳል። ዞር ብላ አየችኝ። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ወይ ፍንክች! የፓኒክ ቁልፉን (አልቆም ያለ ድምፅ ማቆሚያውን) ተጫንኩ፣ አሁንም አለ። ላቤ መጣ። በመጨረሻ ዋናውን ድምፅ ዘጋሁት። ፒያኖውም አብሮ ጠፋ። ዘፋኟ በድራምና በቤዝ ብቻ ቀረች።

የዚያኑ ሌሊት ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ኪቦርድና ሶፍትዌር በሚነጋገሩበት በሚዲ ቋንቋ የፔዳል መልእክት ቁጥር 64 ነው። የሚላከው ዋጋ 64 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ያዝ» ማለት ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ «ልቀቅ»። «ያዝ» የተባለው የድሮው ፓች ነው። «ልቀቅ» የሚለው መልእክት የሄደው ግን ወደ አዲሱ ነው። የድሮው መቼም አይሰማውም። የፓኒክ ቁልፌ ደግሞ ይልክ የነበረው 123ን ነው፤ ኖታዎች ሁሉ ይለቀቁ ማለት ነው። በሚዲ ደንብ ፔዳል እስከተያዘ ድረስ 123 ድምፁን አያቆምም። ወዲያው ጸጥ የሚያደርገው 120 ነው። ይህችን አንድ መስመር መመሪያው ላይ መጻፍ ያን ያህል ይከብድ ነበር?

አሁን መመሪያውን ትቼዋለሁ። ሦስቱም ድምፆች አንድ ፓች ውስጥ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። የማልፈልገውን በስላይደር ዝቅ አደርገዋለሁ። ፕሮሰሰር ይበላል፤ ይብላ። ፔዳሉን የሚሰማው ደግሞ ፒያኖው ብቻ ነው። ፓድ ድሮም ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው፤ ፔዳል ሲጨመርበት ኮርዶቹን ያደበላልቃል። ፓች መቀየር ግድ ከሆነብኝ፣ የመቀየሪያው ቁልፍ ለድሮው ፓች መጀመሪያ 64ን በዜሮ፣ ቀጥሎ 120ን እንዲልክ አድርጌዋለሁ።

ልምምድ ላይም ዘፈን ከመጀመሬ በፊት ፔዳሉን እረግጥና ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው እየዘለልኩ እቀያይራለሁ። የቀረ ድምፅ ካለ እዚያው ይሰማኛል።