የካንሰር ቃላት ደብተሬ፦ ሦስተኛው ወር

የእህቴ የፓቶሎጂ ውጤት (ከሰውነቷ የተወሰደው ናሙና የምርመራ ውጤት) ሁለት ገጽ ነበር። ከዚያ ሁሉ የገባኝ ስሟና ዕድሜዋ ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ደብተር አወጣሁና ቃላቱን አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠው መዝገበ ቃላት ነው። ነፃ ነው፤ ከ9,000 በላይ ቃላት አሉት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሐኪም ላልሆነ ሰው ታስቦ ነው። አነባበቡን በድምፅ ያሰማል። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ሐኪሙ ቃሉን ሲጠራው ወዲያው የያዝኩት ቀድሜ ስለሰማሁት ነው። ስለ ምርመራና መድኃኒት ደግሞ ሜድላይንፕላስ የተባለውን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መረጃ ድረ ገጽ አነባለሁ።

መጀመሪያ የፈራሁት ረጃጅሞቹን ቃላት ነበር። እነሱ ግን ሲከፋፈሉ ይቀላሉ። «ኤክቶሚ» የሚል ጭራ ካለው ቆርጦ ማውጣት ነው። «ኦማ» ብዙውን ጊዜ እብጠት ነው፤ ሁሉም ግን ካንሰር አይደለም። ሊፖማ ለምሳሌ ካንሰር ያልሆነ የስብ እብጠት ነው።

ጉድ የሠሩኝ የማውቃቸው የመሰሉኝ ቃላት ናቸው። «ፕሮግሬሽን» ሲባል መሻሻል መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ በሽታው ገፋ ማለት ነው። «ኔጌቲቭ ማርጂን» ሲል ደግሞ ደነገጥኩ። ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም ማለት ነው፤ የምሥራች ነው!

«ስቴጅ» እና «ግሬድ» ሁለት ሳምንት በሉኝ። የትርጉም መተግበሪያው ሁለቱንም «ደረጃ» ብሎ ሰጠኝ። ስቴጅ ካንሰሩ ምን ያህል እንዳደገና እንደተሰራጨ ነው። ግሬድ ደግሞ ሕዋሶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኞቹ ምን ያህል እንደተለዩ ነው። አሁን ሁለቱንም ሳልተረጉም ነው የምጽፋቸው። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስቴጅ ውስጥ ሦስት ፊደላት አሉ። ቲ ዋናው እብጠት፣ ኤን በአቅራቢያው ያሉት ንፍፊቶች፣ ኤም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመት። የእህቴ ውጤት ላይ «ኤንኤክስ» ይላል። ኤክሷን ሳይ የከፋ ነገር ነው ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ትርጉሙ ግን «ሊገመገም ያልቻለ» ማለት ነው። በቀጠሯችን ቀን «ለምን አልተገመገመም?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ንፍፊቶቹ ገና ናሙና አልተወሰደባቸውም አለኝ። እህቴም እጄን ያዝ አድርጋ «መቼ ይወሰዳል?» አለችው። ከታመመች ወዲህ ራሷ ጥያቄ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

በዚህ ሳምንት «ኒዮአድጁቫንት» ላይ ነን፤ ከዋናው ሕክምና፣ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጥ ሕክምና ነው። ደብተሩን አሁን እሷ ናት የምትጽፈው።